ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ የሴፍቲኔት ተጠቃሚውን ቃል ግን ማን በትክክል ሰማው?



የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሴፍቲኔት ሪፖርት ይቀርባል። ይህን ያህል ቤተሰብ ታቅፏል፣ ይህን ያህል ብር ተከፍሏል፣ ይህን ያህል ሄክታር መሬት እርከን ተሠርቶለታል፣ ይህን ያህል ሰው «ተመርቆ» ከፕሮግራሙ ወጥቷል ይባላል። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው። የሕዝብ ገንዘብ አማና ስለሆነ እያንዳንዱ ብር መቆጠር አለበት። ከሪፖርቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኘው ገንዘቡን የተቀበለችው እናት ቃል ነው። ብሩ መቼ ደረሳት? ምን ላይ አዋለችው? እሱን ለማግኘት ምን ትታ መጣች?

ይህን ጥያቄ ዛሬ የምናነሳው በምክንያት ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አምስተኛ ምዕራፍ የታቀደው እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ነበር። በዚያው ዓመት ከዋና ዋና ለጋሾቹ አንዱ የነበረው የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። ይኸው ድርጅት አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይደግፈው ለነበረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይሰጥ የነበረው ገንዘብም አብሮ ተቋረጠ። ገንዘብ ሲያንስ ማን ይቀጥል፣ ማን ይቀነስ የሚለው ውሳኔ ይመጣል። ገንዘብ ሲያንስ ደግሞ ቶሎ የሚቀረው ተጠቃሚው ዘንድ ሄዶ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ እንዳይወሰን እንሰጋለን። ሴፍቲኔት ከሚሠራባቸው አካባቢዎች መካከል ወሎ፣ ሐረርጌ፣ ዐፋርና ሶማሌ አሉበት። ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው።

በመዲና በአንድ ሌሊት የሆነው

ጥያቄው ለኢስላም ታሪክ እንግዳ አይደለም። በሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) የኸሊፋነት ዘመን ዲዋን ተቋቁሞ ከበይተል ማል የሚሰጠው ድርሻ በስም እየተመዘገበ ይከፈል ጀመር። ለሕፃናትም ድርሻ ነበራቸው። ደንቡ ግን አንድ ገደብ ነበረው፤ የሕፃኑ ድርሻ የሚጀምረው ጡት ከተወ በኋላ ነበር።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት አንድ ምሽት የነጋዴዎች ቅፍለት መዲና ደርሶ ከከተማዋ ዳር ሰፈረ። ዑመር ከዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ጋር ሆነው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። የሕፃን ለቅሶ ሰሙና ወደ እናቲቱ ሄደው አላህን እንድትፈራና ለልጇ መልካም እንድትሆን መከሯት። ልጁ ግን ዳግመኛ አለቀሰ፤ እሳቸውም ዳግመኛ ሄዱ። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ሄደው ወቀሷት። እሷም ማንን እንደምታናግር ሳታውቅ እውነቱን ነገረቻቸው። ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው ነበር፤ ምክንያቱም ዑመር ድርሻ የሚሰጡት ጡት ለተወ ልጅ ብቻ ነው።

በዚያን ቀን የፈጅር ሶላት ላይ ከለቅሷቸው የተነሳ ቅራኣታቸው በቅጡ አልሰማ ብሎ ነበር ይባላል። ከሶላቱ በኋላ እናቶች ጡት ለማስጣል እንዳይቻኮሉ፣ ለእያንዳንዱ ተወላጅ ሕፃን ከልደቱ ጀምሮ ድርሻ እንዲቆረጥለት አሳወጁ፤ ለየአገሩም ጻፉ።

እስቲ ይህን ታሪክ እንደ ሥራ አመራር ጉዳይ እንየው። ያን ሌሊት የዲዋኑ መዝገብ ቢመረመር ጉድለት አይገኝበትም። ገንዘቡ በደንቡ መሠረት ለሚገባው ሰው ተከፍሏል። ስሕተቱ ያለው በደንቡ ውስጥ ነው፤ ለሕፃናት የታሰበው ድጎማ ሕፃናትን ከጡት እየነጠለ ነበር። ይህን የሚያውቁት እናቶቹ ብቻ ናቸው። ኸሊፋው ወደ ቦታው ሄዱ፣ አንድ ጊዜ ሰምተው አልተዉም፣ እናቲቱ ሳትፈራ ተናገረች፣ ደንቡም በማግስቱ ተቀየረ። ዛሬ ባለሙያዎች «ዓይነታዊ ግምገማ» የሚሉት ጥልቅ ቃለ መጠይቅን፣ የቡድን ውይይትንና የቦታ ምልከታን ያካትታል። ፍሬ ነገሩ ግን ያው ነው። ቁጥር «ምን ያህል?» ለሚለው ሲመልስ፣ እንዲህ ያለው ግምገማ «እንዴት?» እና «ለምን?» ለሚሉት ይመልሳል።

ቁጥሩ የነገረንና ያልነገረን

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1995 ዓ.ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ከማሰማት ይልቅ ቋሚ ድጋፍ ይሻላል ተብሎ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም ተጀመረ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ያቀፈ ሲሆን በኋላ እስከ 8 ሚሊዮን ደርሷል። መሥራት የሚችለው ሰው በዓመት ለስድስት ወር ያህል በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በ2009 ዓ.ም ደግሞ የከተማው ሴፍቲኔት አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ ሐረርን፣ ደሴን፣ ጅግጅጋንና ሰመራ ሎጊያን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ።

በገጠሩ ፕሮግራም ላይ ትልልቅ የቤተሰብ ጥናቶች በተከታታይ ተካሂደዋል። ካገኟቸው መልካም ውጤቶች አንዱ አምስት ዓመት የተሳተፈ ቤተሰብ ምግብ የሚያጥረው ጊዜ በዓመት ከአንድ ወር በላይ ማጠሩ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ወር ሙሉ ልጆች በልተው አደሩ ማለት ነው። እነዚያው ጥናቶች ግን በሕፃናት መቀንጨር ላይ ፕሮግራሙ ያመጣው ለውጥ እንደሌለ አሳዩ። እህል ገባ፤ የልጁ ቁመት ግን አልጨመረም። ለምን?

ሰንጠረዡ እዚህ ላይ ዝም ይላል። መልሱ ያለው እናት ዘንድ ነው። ሕፃኑን ለማን ትታ እርከን ሥራ እንደምትሄድ፣ ውኃ ከየት እንደምትቀዳ፣ የተሰጣት እህል ለሕፃን የሚሆን መሆን አለመሆኑን የምታውቀው እሷ ናት። የፕሮግራሙ መመሪያ ለሴቶች የሥራ ጫና ማቅለያና የልጆች ማቆያ ቢፈቅድም፣ ሴቶችን በየቤታቸው ያነጋገሩ ጥናቶች ብዙ ቦታ እነዚህ ነገሮች በወረቀት ላይ እንደቀሩ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከጉልበት ሥራ ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ሰፋ ያለ ድንጋጌ ይዞ መጣ። የመዲናዋ እናትና የወሎዋ እናት ጉዳይ በ14 መቶ ዓመታት ልዩነት አንድ ዓይነት መሆኑ ያስገርማል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ምርቃት» ነው። አንድ ቤተሰብ ጥሪት አፍርቶ ከፕሮግራሙ ሲወጣ ተመረቀ ይባላል፤ ሐሳቡም ጥሩ ነው። የተመራቂው ቁጥር የወረዳ አፈጻጸም መለኪያ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሳይደርሱ ተመረቁ የተባሉ ቤተሰቦች መኖራቸው በጥናት በተደጋጋሚ ተነስቷል። በሪፖርቱ ላይ ስኬት ተብሎ የተመዘገበው ሰው፣ ቤቱ ሄደው ሲጠይቁት በሬውን ሸጦ ቀለብ ገዝቶ ሊገኝ ይችላል።

የእኛ ማኅበረሰብ የሚያውቀው፣ ቅጹ የማይጠይቀው

አንዳንድ ጥያቄዎች ማኅበረሰቡን ከውስጥ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ናቸው፤ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ግን ቦታ አያገኙም።

የመጀመሪያው ወለድ ነው። ከሴፍቲኔት ድጋፍ ጎን ለጎን ቤተሰቦች ጥሪት እንዲያፈሩ ብድር ይመቻች ነበር፤ ብድሩ ግን በአብዛኛው ወለድ ያለበት ነው። ጠያቂው «ብድር ወስደዋል?» ሲል መልሱ «አልወሰድኩም» ይሆናል። በሰንጠረዡ ላይ ይህ ሰው ፍላጎት የሌለው ወይም ለሥራ ያልተነሳሳ መስሎ ይቀመጣል። «ለምን አልወሰድክም?» ብሎ የጠየቀው ግን ሪባን ሽሽት መሆኑን ይሰማል። የከተማው ፕሮግራም ተጠቃሚ ከክፍያው 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይደረጋል፤ ቁጠባው በምን ዓይነት ሒሳብ እንደሚቀመጥስ ተጠይቆ ያውቃል? ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። መፍትሔው አገር ውስጥ አለ። የሚያስፈልገው ችግሩ በትክክል ተሰምቶ መመዝገቡ ነው።

ሁለተኛው የሥራ ጊዜ ነው። የማኅበረሰብ ሥራ በብዙ አካባቢዎች ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ይካሄዳል። ላለፉት ስድስት ዓመታት ረመዷን የዋለው በየካቲትና በግንቦት መካከል ነው። ጾመኛው በዚያ ፀሐይ ድንጋይ ሲሸከም ስንት ሰዓት ይሠራል? ሰዓቱን ወደ ንጋት ማምጣት ወይም ሥራውን ከረመዷን በፊትና በኋላ ማካካስ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። በዓመት መጨረሻ የሚቆጠረው የሰው ቀን ብቻ ከሆነ ግን ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሳም።

ሦስተኛው መካፈል ነው። በአርብቶ አደር አካባቢ ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠ እህል ለዘመድና ለጎረቤት ይዳረሳል፤ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። በቁጥር ሲታይ ይህ «የዒላማ ስሕተት» ነው፤ ድጋፉም የተቀባዩን ሕይወት ያልለወጠ ይመስላል። ሽማግሌዎቹን የጠየቀ ግን የመረዳዳት ሥርዓት ሆኖ ያገኘዋል፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ፕሮግራሙን ሲያሻሽል ሕዝቡ በራሱ የዘረጋውን ሴፍቲኔት ሊበጥስ ይችላል።

«አልሐምዱሊላህ» የግምገማ መልስ ነው?

እንጠይቅ ስንል ግን መጠየቅ በራሱ በቂ ነው ማለታችን አይደለም። ሰውን ጠይቆ ምንም ሳይሰሙ መመለስ ይቻላል።

ለእናቶቻችን «ድጋፉ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብላቸው የመጀመሪያው መልስ ይታወቃል፦ «አልሐምዱሊላህ!» ሙእሚን በችግሩም በደስታውም ጌታውን ያመሰግናል። ጠያቂው ይህን «በአገልግሎቱ ረክታለች» ብሎ ከጻፈው ለአላህ የቀረበውን ምስጋና ለጽሕፈት ቤቱ ሰጠው ማለት ነው። እውነተኛው ወሬ የሚጀምረው ከምስጋናው በኋላ ነው፤ የሚገኘውም አብሮ ቡና ለመጠጣት ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ሌላው ፍርሃት ነው። ውይይቱ በቀበሌ አዳራሽ ሲደረግ፣ ተሳታፊዎቹን የመረጠው ስም ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ከሆነና እሱም ከፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ከሆነ ማን ይናገራል? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብሎ ያደገ ሕዝብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከዝርዝሩ እወጣለሁ ብላ የምትሰጋ እናት የምትናገረው አድማጩ የሚወደውን ነው። የመዲናዋ እናት የተናገረችው አሚሩል ሙእሚኒን ፊቷ መቆማቸውን ባለማወቋ ነው። ያን ነፃነት ዛሬ መፍጠር የገምጋሚው ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛው ማን እንደሚጠየቅ ነው። ብዙ ግምገማ የሚያነጋግረው በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ነው። ስሟ ያልገባላት መበለት፣ ቅሬታ አቅርቦ መልስ ያጣው ሽማግሌ፣ ሳይደርስ የተመረቀው አባወራ በውይይቱ የሉም። የፕሮግራሙ ፍትሐዊነት የሚታየው ግን በነሱ በኩል ነው።

ከመስጂድ መስጂድ የተደረገው ማጣራት

በሌላ በኩል የተባለው ሁሉ እውነት ነው ማለትም አይቻልም። ለዚህም ከዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘመን ትምህርት አለን። የኩፋ ሰዎች በገዢያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ላይ ቅሬታ አቀረቡ። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው ዑመር ሰዎች ልከው ሕዝቡን አስጠየቁ፤ መልእክተኞቹ የኩፋን መስጂዶች አንድም ሳያስቀሩ ዞሩ። በየመስጂዱ የተሰማው ምስጋና ነበር። በአንዱ መስጂድ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ በሰዕድ ላይ ከባድ ክስ አቀረበ፤ ክሱም ሐሰት ነበር።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር እናያለን። ቅሬታ ሲመጣ በቢሮ ሪፖርት አልተዘጋም፤ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሄደው ጠየቁ። ማጣራቱ በአንድ ቦታ ቢቆም ኖሮ ደግሞ ውጤቱ የተሳሳተ ይሆን ነበር፤ ያ መስጂድ ብቻ ቢጠየቅ ሰዕድ በደለኛ በሆኑ። ዓይነታዊ ግምገማን «የጥቂት ሰው ወሬ ነው» እያሉ ለሚያጣጥሉ መልሱ ይህ ነው። አንድ ቃል ወሬ ነው። በልዩ ልዩ ቦታ፣ ከልዩ ልዩ ሰው ተሰብስቦ እርስ በርሱና ከመዝገቡ ጋር የተመሳከረ ቃል ግን ማስረጃ ነው። ቁጥርና ቃል ተፎካካሪ አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያጋልጣል።

ለአገራችን አዲስ አይደለም

ይህ አሠራር ከባዶ የሚጀመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከአንድ የእንግሊዝ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በወሎ ገበሬዎች የአካባቢያቸውን ችግርና ሀብት ራሳቸው እንዲተነትኑ ያደረገበት ሥራ፣ በዓለም ላይ «አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ» ተብሎ ለታወቀው ዘዴ ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። የወሎ ገበሬ ለዓለም መምህር ሆኗል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃና በመሳሰሉት አገልግሎቶች ላይ ነዋሪዎች ውጤት የሚሰጡበትን ካርድ አስተዋውቋል። ነዋሪዎች ለብቻቸው፣ አገልግሎት ሰጪዎችም ለብቻቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኝተው ልዩነቱን ይወያያሉ፤ የጋራ እቅድም ያወጣሉ። ውጤቱ የተሰማው ነገር ወደ ተግባር በመመለሱ ላይ ይወሰናል። ሴፍቲኔትም በየቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖረው መመሪያው ያዛል። መንገዱ አለ፤ የጎደለው የሚሄድበት ሰው ነው።

ምን ይደረግ?

ለፕሮግራሙ ኃላፊዎች የምንለው ይህ ነው። በሚቀጥለው እቅድ ውስጥ ማዳመጥ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ጉዳይ ሆኖ አይታይ፤ ቦታና በጀት ይሰጠው። ሴቶችን ሴቶች ይጠይቋቸው፤ በዐፋርኛም ሆነ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ተጠያቂው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። ስም ዝርዝሩን ያዘጋጀው አካል ከውይይቱ ይውጣ። ያልተመዘገቡና የተመረቁ ሰዎችም ይጠየቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተሰማው ነገር ለተናጋሪዎቹ ይመለስላቸው፤ «ይህን ነግራችሁን ነበር፣ ይህን ቀየርን፣ ይህን በዚህ ምክንያት መቀየር አልቻልንም» ይባሉ። ተጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም።

ለኢማሞች፣ ለመስጂድ ኮሚቴዎችና በየደረጃው ላለው መጅሊስም ድርሻ አለ። መስጂድ ተጠቃሚ የሚመረጥበት ቦታ መሆን የለበትም፤ ያ ሌላ መዘዝ ያመጣል። ነገር ግን ከጁምዓ በኋላ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖሩን፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድና ምን ይዞ እንደሚኬድ ማስታወቅ ይቻላል። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ቅሬታቸውን የሚጽፍላቸው ወጣት መመደብ ቀላል ነው። የረመዷን የሥራ ሰዓትንና ከወለድ ነፃ ቁጠባን የመሰሉ የጋራ ጥያቄዎችን የማንንም ስም ሳይጠቅሱ ሰብስቦ ለወረዳው በጽሑፍ ማቅረብም ይቻላል።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንመልከት። በየሰፈሩ ዘካና ሰደቃ እንሰበስባለን፤ በረመዷን የአስቤዛ ጥቅል እናድላለን፤ ከዚያም የታደለውን ቁጥር ከፎቶ ጋር እንለጥፋለን። ከተቀባዮቹ መካከል ስንቶቹን ከዒድ በኋላ ተመልሰን ጠየቅን? ዘይቱ ያስፈልጋቸው ነበር ወይስ የቤት ኪራይ? ፎቶው ልጆቻቸውን አሳፍሯቸው ይሆን? መንግሥትን የምንጠይቀውን ራሳችን ካልሠራነው ቃላችን ክብደት አይኖረውም። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ የዘካ ኮሚቴ አሥር ቤተሰብ መርጦ፣ ያለ ፎቶና ያለ ቅጽ፣ አራት ጥያቄ ይጠይቅ፦ መቼ ደረሳችሁ? ምን ላይ ዋለ? ምን ጎደለ? እኛ ብንቀይረው የምትሉት ነገር ምንድን ነው? መልሱንም ለጀመዓው ያሰማ።

ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ያን ሌሊት የሕፃኑን ለቅሶ የእናቲቱ ጥፋት አድርገው ነበር የጀመሩት። ሦስተኛ ጊዜ ባይመለሱ ኖሮ በዚያው ይቀሩ ነበር። አላህ ሰምተው የሚመለሱ፣ ስሕተታቸውን አውቀው የሚያርሙ ኃላፊዎችን ይስጠን፤ እኛንም ከነሱ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።